ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1857 – 1945 ዓ.ም.)፣ በእንግሊዝኛ ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። ከሕክምናው ሌላ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በጣልያን ወረራ ዘመንም በለንደን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። የመንግሥት ማዕረጋቸው አዛዥ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሐኪም ወርቅነህ ሲላቸው ኖሯል።

የመጀመሪያው ሐኪም የሚለው ማዕረግ ትክክል ቢሆንም ከታሪካቸው ብዙውን ይሸፍናል። ወርቅነህ ሕክምናን ሕንድና ስኮትላንድ ውስጥ ተምረው፣ በርማ ውስጥ ሠርተው፣ ወደ ተወለዱበት አገር ሲመለሱ ከበሽተኞቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። የእጃቸውን ሙያ ከማንም ቀድመው ይዘው መጡ፤ ቋንቋውንና ልማዱን ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ እንደገና መማር ነበረባቸው። ዛሬ ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች በድኅረ ምረቃ ትምህርት የበሽተኛውን ባሕል ያከበረ ሕክምና ምን እንደሚመስል ይማራሉ። በወርቅነህ ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት አልነበረም።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር ወደ መቅደላ

ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ሲሆን ጊዜው የአፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ማብቂያ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከጎንደር ሰዎች ጋር ተቃቅረው በ1859 ከተማዋን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰውም ከቀየው ተነቅሎ ተንከራተተ። የወርቅነህ ቤተሰብም መጨረሻው መቅደላ አምባ ሆነ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የፋሲካ ማግስት፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። በዚያ ትርምስ መካከል ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆነው ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። የእንግሊዝ ጦር አብዛኛው ከሕንድ የመጣ ስለነበር ልጁን ያነሣው ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ሲመለስ ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። መኮንኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ አሳዳጊዎች ነው። ወርቅነህ የሚለውን ስም ልጁ ረስቶት ነበር፤ አማርኛውንም እንዲሁ።

ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ እሱ ብቻ አልነበረም። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ጦር ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ አረፈ። ዓለማየሁን ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታውቀው ነበር፤ ጋዜጦችም ይጽፉለት ነበር። ማንም የማያውቀው የጎንደር ልጅ ግን ሙያ ይዞ አገሩ ገባ።

ላሆር፣ ኤድንበራ፣ በርማ

ልጁ ፑንጃብ ውስጥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካደገ በኋላ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ በዛሬዋ ፓኪስታን የሚገኘው የኪንግ ኤድዋርድ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1874 ተመርቆ በቅኝ ግዛቱ የሕክምና አገልግሎት ረዳት ሐኪም ሆነ። በዚያ አገልግሎት ውስጥ የአገሬው ተወላጅ የሚደርስበት ደረጃ የተወሰነ ነበር፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት የብሪታንያ የሙያ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ከኤድንበራና ከግላስጎው የሙያ ማኅበራት ተጨማሪ ዲፕሎማዎች አገኘ። በዛሬው አነጋገር ይህ የድኅረ ምረቃ ሥልጠናቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የሄዱበት አገር በወቅቱ የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከተሻሻለባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ክሎሮፎርምን ለማደንዘዣነት የተጠቀመው ጄምስ ሲምፕሰን የኤድንበራ ሰው ነው። ጆሴፍ ሊስተርም ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጽዳት ማመርቀዝን የመከላከል ዘዴውን የጀመረው በግላስጎው፣ ያስፋፋውም በኤድንበራ ነበር። ወርቅነህ ይህን ሁሉ የተማሩት ዘዴው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል የተጎዳ አካልን መልሶ ወደ ሥራ የማስገባት ትምህርት፣ ማለትም የአካል ተሃድሶ ሕክምና፣ ገና ራሱን የቻለ ሙያ አልሆነም ነበር። በብሪታንያ ፊዚዮቴራፒ የሠለጠኑ አሻሽ ሴቶች ማኅበር ሆኖ የተቋቋመው በ1887 ነው። በአሜሪካ ደግሞ አንድሩ ቴይለር ስቲል የአጥንት፣ የጡንቻና የነርቭን ትስስር በእጅ የሚያክመውን ኦስቲዮፓቲ ለማስተማር ሚዙሪ ውስጥ በምትገኘው ከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1885 ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሰውነት አካላት ትምህርት ያስተማረው ዊልያም ስሚዝ በኤድንበራ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። ሁለቱ ሰዎች በተቀራራቢ ዘመን ከአንድ ከተማ ወጥተው አንዱ ወደ ሚዙሪ ሌላው ወደ በርማ ሄዱ።

እንግሊዞች በ1878 ጠቅልለው በያዟት በርማ ወርቅነህ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ሐኪምነት ሠሩ። በዚህ ወቅት የሚጠሩት ዶክተር ማርቲን ተብለው ነው።

በጠባሳ የተገኘ ስም

የካቲት 23 ቀን 1888 የአድዋ ድል በዓለም ሁሉ ሲሰማ በርማ ያለው ሐኪምም ሰማ። ከዚያ በኋላ አገሩን ለማየት ያለው ፍላጎት እየጠነከረ ሄደ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ስለሆነ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ዋና ከተማው ያለው መንገድ የሚታለፈው በበቅሎና በግመል ነበር።

በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ ፊቱ ግን የሐበሻ የሆነ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ በከተማው ሲናፈስ ከመቅደላ የጠፋው ልጅ ታሪክ አብሮ ተነሣ። በመጨረሻ አያቱ መጥተው ከልጅነቱ የሚያውቁትን የሰውነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩ። የአባታቸው ስም እሸቴ፣ የራሳቸው ስም ወርቅነህ መሆኑን ሐኪሙ ያወቁት ያኔ ነው። ይህ በታሪካቸው ውስጥ በጣም የሚተረክ ክፍል ሲሆን ሌላውን የሕይወታቸውን ክፍል ብዙ ጊዜ ይጋርደዋል።

ሐኪሙ ዘመድ ቢያገኙም አማርኛ አልነበራቸውም። ይህ ለአንድ ሐኪም ቀላል ጉድለት አይደለም። የራጅ መሣሪያና ላቦራቶሪ በሌለበት አገር የሐኪም ዋናው መመርመሪያ በሽተኛው ሕመሙን የሚናገርበት ቃል ነው። አንድ ሰው ምች መታኝ፣ መጋኛ ነው፣ ወይም ቁርጥማት ያዘኝ ሲል እነዚህ ቃላት በላሆርና በኤድንበራ መጻሕፍት ውስጥ አቻ የላቸውም። ምችን ትኩሳት ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ በሽተኛው ስለ ሕመሙ ምክንያት የሚያምነውን ግማሽ ያስቀረዋል፤ ሐኪሙም ላልተነገረው በሽታ መድኃኒት ያዛል። በጾም ወራት ወተት ወይም የሥጋ መረቅ የሚያዝ ሐኪም ትእዛዙ አይፈጸምለትም። ሴት በሽተኛን ዘመዶቿ በሌሉበት ልብሷን እንድታወልቅ የሚጠይቅም ሁለተኛ አያገኛትም።

ወርቅነህ በዚህ የመጀመሪያ ጉዟቸው ብዙ አልቆዩም። በ1893 የኢትዮጵያ ጦር በኦጋዴን ከሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ተከታዮች ጋር ሲዘምት ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በሐኪምነት ተጓዙ። ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላይ ስለነበሩ ወደ በርማ ተመለሱ።

ወጌሻው፣ ጠበሉ እና ሐኪሙ

ሐኪሙ የመጡት ሕክምና ወደሌለበት አገር አልነበረም። የተሰበረ አጥንት ወጌሻ ይጠግነዋል፤ የወለቀውን ይመልሰዋል፤ የታሸውን ሰውነት በቅቤ ያለሰልሰዋል። ለኮሶ ትል የኮሶ አበባ፣ ለወገብ ሕመም ዋግምት፣ ለሌላው ሁሉ ደግሞ ጠበል ነበር። ወጌሻነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ ጥሩ ወጌሻ አጥንቱ የት እንደተሰበረ በጣቱ ዳስሶ ያውቃል። በዓይነ ኅሊና ሲታይ የስቲል ኦስቲዮፓቲና የሸዋ ወጌሻ የተነሡበት ቦታ ያን ያህል አይራራቅም፤ ሁለቱም ከእጅ ይጀምራሉ። የሚለያዩት ስለ ደም ዝውውርና ስለ ነርቭ ባላቸው ዕውቀት ነው። ወጌሻው የቀርከሃ መቃጠፊያውን አጥብቆ ሲያስር ደም ወደ እጅ ወይም እግር መድረሱን ካላየ አካሉ ይሞትና ጋንግሪን ይሆናል። እስከ ዛሬ በአዲስ አበባና በክልል ሆስፒታሎች የአጥንት ክፍል በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የሚቆረጥ ሕፃናት አሉ። ይህን የሚያዩ ሐኪሞች ወጌሻውን ከማባረር ይልቅ ማሠልጠን ይሻላል የሚል ሐሳብ ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻው ስለሆነ ሐሳቡ ተገቢ ነው።

በአዲስ አበባ የውጭ ሐኪሞች ተጽዕኖ የጀመረው ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን ለማከም ሲመጣ ነበር። ሩሲያውያኑ የከፈቱት ሆስፒታል እስከ 1898 ገደማ ሠራ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል።

የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ

ወርቅነህ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። እስከ 1905 ድረስ በቆዩበት በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ነበሩ። ሌጋሲዮኑ አፄ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ መሬት ላይ በየካ የተሠራ ሲሆን የዛሬው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ከግቢው በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ ይነሣል። ምኒልክ በ1882 የነገሡት በዚሁ ተራራ ላይ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ብርዱ የጸና፣ ማገዶውም እየጠፋ የሄደ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የማገዶውን ችግር ለማቃለል ተራራው ቀስ በቀስ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ።

ባሕር ዛፉ ከተማዋን ከመፍረስ ቢያድናትም ሸክሙ የወደቀው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። ከእንጦጦ በየካና በሽሮ ሜዳ በኩል ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ዛሬም አሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ገመዱ ደረታቸውን እያሰረ፣ ቁልቁለቱን በጉልበታቸው እየያዙ። ሥራንና የሰውነትን አቅም የሚያጣጥመው ጥናት፣ ኤርጎኖሚክስ፣ በፋብሪካና በቢሮ ወንበር ብዙ ጊዜ ቢወራለትም የአዲስ አበባ ዋናው ምሳሌው ይህ ሸክም ነው። የወገብና የጉልበት ሕመሙ በኪኒን ብቻ አይድንም፤ ሴቲቱ ነገም ተሸክማ ትወርዳለችና።

የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም

ወርቅነህ በ1900 ሲመለሱ አፄ ምኒልክ ታመው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በተደጋጋሚ በስትሮክ ተመትተው አካላቸው እየደከመ፣ በ1902 መጀመሪያ ላይም አንደበታቸው እየተያዘ ሄደ። ከሚያክሟቸው ሐኪሞች መካከል ወርቅነህ ነበሩበት።

በዚያን ጊዜ ለስትሮክ የሚሆን መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ዛሬ ከስትሮክ የተረፈ በሽተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋው ተነሥቶ እንዲቀመጥ፣ የተያዘውን ክንድ እንዲያንቀሳቅስ፣ ቃላትን እንደገና እንዲለማመድ ይደረጋል፤ የሰው አንጎል በልምምድ ከጉዳቱ በከፊል ሊያገግም እንደሚችል ታውቋልና። ያኔ ግን የሐኪሞች ምክር ዕረፍት ነበር። ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ የተሰበሰቡት የተለያዩ አገሮች ሐኪሞች በሥራቸው ሊያሳዩት የሚችሉት ውጤት ትንሽ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደብረ ሊባኖስ ጠበልም ሄደዋል። ይህ ከሐኪሞቹ ሥራ ጋር የሚቃረን ተደርጎ ብዙ ጊዜ ቢጻፍም በወቅቱ ሰው ዓይን ሁለቱ አይጣሉም። ጉዳዩ ያረጀም አይደለም፤ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ በሽተኞች በበዙበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስታወቁ። የጤና ባለሙያዎች ለብቻቸው ሲናገሩት ያልተሰማ ምክር ከቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ተሰማ።

የምኒልክን አልጋ የከበበው ግን ከጠበልና ከመድኃኒት ይልቅ ፖለቲካ ነበር። ሌጋሲዮኖቹ እያንዳንዳቸው የንጉሡን ጤና ለራሳቸው ጥቅም ይከታተሉ ነበር። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል የሚል ክስ አንሥቶ ከተማውን አናወጠ፤ ጥርጣሬውም በእቴጌ ጣይቱ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ክሱ ግን አልተረጋገጠም። በዚህ መካከል ወርቅነህ የቆሙበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። ደመወዛቸውን የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ መቅደላን የሰበረው፣ እሳቸውንም ያሳደገው። በሽተኛው ደግሞ የአገራቸው ንጉሥ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ወገን፣ አንዳንዶቹ እንደ እንግሊዝ ሰው ያዩአቸው ነበር። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወርቅነህ በርማ ነበሩ።

በዚህ ሁለተኛ ቆይታቸው ወይዘሮ ቃፀላ ቱሉን አገቡ። ከእሳቸውም ብዙ ልጆች ወለዱ።

ፍልውሃ

ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሱ፤ ይህ መመለስ እንደ ቀድሞዎቹ የጉብኝት አልነበረም። የሚገርመው ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡት ለሆስፒታል ሥራ አለመሆኑ ነው። ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ የፍልውሃ መታጠቢያዎችን ማሻሻልና ማስተዳደር ነበር።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚህ ፍል ውሃ ምክንያት ነው። የእንጦጦ ብርድ የጠናባቸው እቴጌ ጣይቱና ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ የመጀመሪያው ቤትም እዚያው አካባቢ ተሠራ። ሰው ፍልውሃ የሚሄደው ለቁርጥማት፣ ለቆዳ በሽታና ለተሰባበረ ሰውነት ነው። ልማዱ ትክክለኛ መሠረት አለው፤ ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፣ ደም ወደ ታመመው መገጣጠሚያ እንዲሮጥ ያደርጋል፣ ውሃው ሰውነትን ስለሚያነሣም ጉልበትና ወገብ የሚሸከሙት ክብደት ይቀንሳል። በአውሮፓ በዚያው ዘመን የፍል ውሃ ከተሞች የሐኪሞች መናኸሪያ ነበሩ፤ ዛሬም በውሃ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ የአካል ተሃድሶ ሕክምና አንድ ክፍል ነው። ፍል ውሃ ለአዲስ አበባ ሰው የባዕድ ነገር አይደለም፤ ማንም ሳይገፋው ይመጣበታል። በመርፌ የሚያስፈራ፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ክሊኒክ ከመክፈት ይልቅ ሰው በገዛ እግሩ የሚመጣበትን ቦታ ንጹሕ ማድረግ ብልህነት ነበር።

የትምህርት ሥራ

ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲከፍቱ የበላይ ኃላፊው ወርቅነህ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሲሆን ዛሬ በእንጦጦ ስም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከነበረው በሰፋ መልኩ የውጭ ቋንቋዎችንና ሳይንስን ያስተምር ነበር። ወርቅነህ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መማሪያም በአማርኛ አሳትመዋል፤ በጎልማሳነታቸው ያለ አስተርጓሚ መናገር ያልቻሉበትን ቋንቋ ለመጽሐፍ ደረጃ አድርሰውታል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሠሩ፤ ፍቅርና አገልግሎት የተባለውን ማኅበርም አቋቋሙ። እንደ ዳኛም አገልግለዋል። ይህ ሁሉ ከሕክምና መራቅ ይመስላል። ነገር ግን በ1910ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪም ለመሆን የሚያበቃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንኳ አልነበረም። አንድ ሐኪም በቀን ሠላሳ በሽተኛ ቢያይ ሠላሳ በሽተኛ ነው፤ ተተኪ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ካልቀደመ ሁለተኛው ሐኪም ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ቁም ነገሩ ነበር።

በ1920 መጀመሪያ ለጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ኩሊጅ ጋር ተገናኙ። በዚያው ጉዞ ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለምን ጎብኝተው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ያኔ ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ነበር፤ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1927 ተመረቀ። ወረራው ሲመጣ ወደ አገሩ ገባ፤ ከዚያም ተመልሶ በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሲያሰባስብ በ1932 አረፈ።

ወርቅነህ ከ1923 ገደማ ጀምሮ ጨርጨርን ገዙ። ዋና ከተማው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ በዘመናዊ አስተዳደር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ነበረች።

ለንደን

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሰባ ዓመታቸው ነበር። ለዚህ ሥራ ከእሳቸው የተሻለ ሰው ማግኘት ያዳግት ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን መካከል እንግሊዞችን ከውስጥ የሚያውቃቸው እንደ እሳቸው ያለ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንዳይገባ በያዘው አቋም ላይ ተሟገቱ፤ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ገንዘብ አሰባሰቡ። ከብሪታንያ የሄደውን የአምቡላንስ ቡድን ይመራ የነበረው ዶክተር ጆን ሜሊ በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ በዘረፋ ስትታመስ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በእነዚያ ቀናት የውጭ አገር ሰዎች የተሸሸጉት ወርቅነህ ከሃያ ዓመት በፊት ይሠሩበት በነበረው የየካ ሌጋሲዮን ውስጥ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ለንደን ሲደርሱም ወርቅነህ በሥራቸው ላይ ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለኢትዮጵያ በምታደርገው ቅስቀሳ አብረዋት ሠርተዋል። ገንዘብ አልነበረም፤ ሌጋሲዮኑም በችግር ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው አገራቸው ገብተው ነበር። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የተማሩ ወጣቶች ባቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ሆነው ከራስ እምሩ ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋጉ። ጦሩ በታኅሣሥ 1929 እጁን ሲሰጥ ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ የቦምብ ጥቃት ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች የተማረውን ወጣት እየለዩ ሲረሽኑ ሁለቱም ተገደሉ። በተፈሪ መኮንንና በሌሎች ትምህርት ቤቶች፣ በውጭም የተማሩ ብዙ ወጣቶች በዚያው ሰሞን አለቁ። አባትየው የልጆቻቸውን ሞት የሰሙት በስደት አገር ሆነው ነው። አገሪቱ የመጀመሪያ ሐኪሞቿንና መሐንዲሶቿን ለማግኘት የደከመችበት ሥራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሰ።

የመጨረሻ ዓመታት

ወርቅነህ በስደት ዘመናቸው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ ከነጻነት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ኢትዮጵያ ገቡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ እየተጠጋ ስለነበር ከፍተኛ የመንግሥት ሥራ አልያዙም። ዓይናቸው እያየ የመጀመሪያዎቹ የነርስና የጤና ረዳት ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ፤ የሐኪሞች ትምህርት ቤት ግን ገና ነበር። በመስከረም 1945 ዓ.ም.፣ 88 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ አረፉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ በተወለዱባት ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ደግሞ በ1957 ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በአገሪቱ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረውም እሱ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ለአሥርት ዓመታት ዕለታዊ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈዋል። የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፒተር ጋረትሰን በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው ሰፊ የሕይወት ታሪካቸው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጄምስ ከሪ አሳታሚ ታትሟል።